ጥጃዋን ማን አረዳት

የካቲት ፪ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ከዛሬ ጀምሮ በጎጃም ምድር ከእኔ የበለጠ የተማረ ሰው የለም።

እሺ፣ ጎጃም ይቅር፤ የጎጃም ደብተራ ከአንበጣ ይበዛል። በደብረ ማርቆስ ልበል። ደብረ ማርቆስም ይቅር። በሐኪም ቤቱ ግቢ፣ ከልብስ ማጠቢያው እስከ ሽንት ቤቱ ባለው ቦታ የሚበልጠኝ የለም። ሙላት ሲቀር። ሙላት ደግሞ አይቆጠርም፤ እሱ በልጅነቱ ዳዊት ደግሟል። እኔ ከሀ የጀመርሁት ፂሜ ከወጣ በኋላ ነው። ፈረስ ማለት ዘግይቶ ተነሥቶ የደረሰው ነው።

የማታውን ትምህርት ዛሬ ጨረስን። ዶቶሬው፣ ጣሊያኑ ሐኪም ማለቴ ነው፣ “ብልቃጥ ማንበብ የማይችል ብልቃጥ አይነካም” ስላለ መሪጌታ አካለ ወልድ ክረምትና በጋ በኩራዝ ብርሃን አስተማሩን። እኔ፣ ሙላት፣ ሁለት ዘበኞች፣ ጠላ ሻጯ እትዬ የብርጓልም ነበርን። ሲያሰናብቱን፣

“እጃችሁ እንዳይተሳሰር በየጊዜው ጻፉ” አሉ።

“ምን እንጻፍ፣ የኔታ?”

“የሆነውን። በአፍ የዋሹትን ነፋስ ይወስደዋል፤ የጻፉት ውሸት ግን ቁጭ ብሎ ባለቤቱን ይጠብቃል።”

ይህን ሲሉ እኔን ብቻ ነው ያዩት። ለምን እንደሆነ አልገባኝም።

ስሜ ደርቤ ነው። ሐኪም ቤቱ ከተከፈተ ጀምሮ ውሃ ስቀዳ፣ የበሽተኛ ባልዲ ስደፋ ኖርሁ። ኋላ መርፌ መቀቀል፣ ቁስል ማጠብ ተማርሁ። አሁን የቀረኝ ፈተናና ማኅተም ያለበት የፈቃድ ወረቀት ነው። ወረቀቱን ያገኘ ነጭ ልብስ ለብሶ ከተማ ይሠራል፤ እዚህ ወይም አዲስ አበባ። ነጭ ልብስ እንደሚያምርብኝ ዛሬውኑ አውቄዋለሁ።

የካቲት ፭

ነገ ሁዳዴ ይገባል። እትዬ የብርጓል ቤት ከሥጋ ጋር ስንሰነባበት አንድ የማላውቀው ሰው፣

“አንተ የጣሊያን ባልዲ ደፊ!” አለኝ።

“የባልዲውን ባለቤት ብታውቅ ዝም ትል ነበር፤ ትናንት የደፋሁት ያጎትህን ነው” አልሁት።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሰውዬውም ሳይወድ ሳቀ። እትዬ የብርጓል ጠላ እየጨመረችልኝ፣ “ደርቤ፣ ያንተ አፍ አንድ ቀን ካንተ ቀድሞ ገደል ይገባል” አለች።

እዚህ ቤቴ ስገባ ግን ሳቁ አልተከተለኝም። የእህቴ የማንጠግቦሽ ባል ደምለው ካምና ጀምሮ “የጠፋ ከብት ፍለጋ ሄዷል”። ምን ዓይነት ከብት ነው፣ ዓመት ተፈልጎ የማይገኝ? ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አይልም። እሱ ጫካ፣ እኔ ጣሊያን ግቢ። የማን ወገን ነህ ቢሉኝ የበሽተኛ እላለሁ። ጥሩ መልስ ነው። ግን ማታ ማታ መልሱ ራሱ ጥያቄ ይሆንብኛል።

የካቲት ፲፮

ኪዳነ ምሕረት ናት። ለዶቶሬው ግን ተራ ሐሙስ ነው። ፈተና።

መርፌ መውጋት በሎሚ ላይ። ሙላት ሎሚውን ሁለት ሦስት ጊዜ አገላብጦ ወጋ። እኔ ሎሚውን “አይዞህ ወንድሜ፣ ቁንጫ ነው” ብዬ ወጋሁት፤ አወጣሁና “እግዜር ይማርህ” አልሁት። አስተርጓሚው ገብረ ኪዳን ሳቁን በመሐረቡ ያዘ። ዶቶሬው ምን አለ ብሎ ጠየቀው። ሲነግረው አልሳቀም፤ ሎሚውን ቆርጦ አየ፣ ከዚያ ራሱን ነቀነቀ። ደህና ነው ማለት ነው።

ብልቃጥ አነበብን። አንድም አልሳትሁ። አንዱን ብቻ ሙላት በዓይኑ ረዳኝ።

ማታ መሪጌታን “በበዓል ቀን መርፌ መያዝ ሥራ ነው ወይስ ምሕረት?” አልኋቸው። “ሎሚው ከዳነ ምሕረት ነው” አሉ። እየቀለዱብኝ ይሁን የምራቸውን አልገባኝም። ቀልድ የእኔ ነበር፤ ሰው ሲቀልድብኝ ግራ ይገባኛል።

የካቲት ፳፫

ተጣድፌአለሁ። መርፌ እሳት ላይ ነው።

ዛሬ የፈንጣጣ ክትባት ትምህርት። መድኃኒቱ እንደ ስንደዶ በቀጠነ ብርጭቆ ውስጥ ነው የሚመጣው። ክንድ ታጥቦ፣ በስለት ጫር፣ ጠብታ። በሳምንቱ ቁስል ይወጣል፣ እከክ ይሆናል፣ ያ ሰው ፈንጣጣ አይነካውም። እኔና ሙላት እርስ በርስ ተካተብን።

ከየት እንደሚወጣ ዶቶሬው ብዙ ተናገረ። ከጥጃ ነው! ጉድ በል ጎጃም። የቀረውን ሙላት ጻፈው። እኔ በቃሌ ይዤዋለሁ።

የካቲት ፳፰

ወሬው እውነት ሆነ። ከሮብ ገበያ የመጡ ነጋዴዎች በሲናን በኩል ፈንጣጣ ገብቷል አሉ። ዶቶሬው እኔንና ሙላትን ጠራ። ገብረ ኪዳን እንዲህ ሲል አስተረጎመ፦

“ወታደር ልስደድ ብል ሰው ይሸሻል። እናንተ ግን የአገሩ ልጆች ናችሁ። ሙላት ወደ ሉማሜ፣ ደርቤ ከአምበር ወዲያ ወደ መንደሩ። የከተባችሁትን ሰው በሳምንቱ መጥቼ ክንዱን አያለሁ። ክንዱ ላይ እከኩ ሲታየኝ ወረቀቱን እፈርማለሁ።”

እኔ ደረቴን ነፍቼ “መንደሬ ተሰልፎ ይጠብቀኛል” አልሁ። ገብረ ኪዳን ይህን አላስተረጎመውም።

መጋቢት ፩

ኬላ ላይ ተበረበርሁ። ስንደዶዎቹን በእርጥብ ሣር ጠቅልዬ እንስራ ውስጥ ነው የያዝሁት። ባንዳው አሽትቶ “ቅቤ ነው?” አለኝ። “በሁዳዴ? እኔ ክርስቲያን ነኝ” አልሁት። አሳለፈኝ። ፀሐይ ከባድ። መንገድ።

መጋቢት ፫፣ ደብረ ዘይት

እታለም ቤት ነኝ። ማንጠግቦሽን ከልጅነቴ ጀምሮ እታለም ነው የምላት። እናታችን ስትሞት በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ፊቷ ላይ የልጅነቷ ፈንጣጣ ጠባሳ አለ። ልጆች ሆነን “ጭልፋ የነካው ሽሮ” እያልሁ አስለቅሳት ነበር። አሁን ሳስበው አያስቅም። ያኔ ግን ሁሉም ይስቅ ነበር።

ልጇን አይናዲስን አየኋት። ገና መዳህ አልጀመረችም። ጣቴን ያዘችና አልለቅ አለች። “አየሽ፣ ሐኪም አወቀች” አልሁ።

“ከእሷ ትጀምርልኛለህ” አለች እታለም። “እኔን ያገኘኝ እሷን እንዲያገኛት አልፈልግም።” ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ “አባቷም ልኮብኛል። ‘መድኃኒቱ ከጠላት እጅ ቢመጣም በሽታው ወገን አይለይም፤ አስከትቢያት’ ብሏል።”

“ከብት ፍለጋ የሄደው አባቷ?”

“እሱው” አለች። ሳቅን። እንዲህ አብረን ከሳቅን ስንት ጊዜያችን።

ረቡዕ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ካለው ዋርካ ሥር እከትባለሁ ተባለ። ቄስ ወልደ ሚካኤልም በዐውደ ምሕረት ተናገሩልኝ። ወረቀቱ እጄ ገብቷል በሉት።

መጋቢት ፭፣ አቦ

የጽዋ ማኅበሩ በአያ አወቀ ቤት ነበር። ዛሬ አስቄ ገደልኋቸው። ይህን ሳልጽፍ ባድር ይቆጨኛል።

ቅዳሴ ወጥተን፣ ዳቦው ተቆርሶ ጠላው ሲዞር አያ አወቀ፣

“ልጅ ደርቤ፣ ነገ የምትጭረን ነገር ከምን ይቀመማል?” አሉኝ። አላውቅም ማለት ይቻል ነበር። ግን ተምሬ መጥቼ?

“ከጥጃ።”

“ከምን?”

“ከጥጃ፣ አያ አወቀ። ጥጃዋን ፈንጣጣ የመሰለ ነገር ያስይዟታል። ከቁስሏ የወጣው ነው እዚህች ስንደዶ ውስጥ የገባው።”

“ነገ እምቧ ልንል ነዋ!” አለ አንዱ ከጥግ። ሳቁ። “የደርቤ ሚስት የምትሆነዋ ገለባ ታዘጋጅ!” አለ ሌላው። ደግሞ ሳቁ። ሳቁ ዝቅ ሲል አያ አወቀ፣

“ጥጃዋስ? ትድናለች?” አሉ።

“ታርዳለቻ! ጣሊያን ጥጃ አሳድጎ ሊድር ኖሯል?”

ያኔ ነው ጣራው የተሰነጠቀው። ዳቦ ያነቀው ሰው ጀርባው ተደበደበ። ጣሊያን ቢላ እንዴት እንደሚስል፣ ያለ በስመ አብ እንዴት እንደሚያጋድም በእጄም በእግሬም አሳየኋቸው። እንዲህ የተሳቀልኝ ቀን የለም።

ቄስ ወልደ ሚካኤል ብቻ አልሳቁም። ዋንጫቸውን መሬት አስቀመጡት። ጥርሳቸውን ያመማቸው መሰለኝ።

ይህን ሁሉ የነገረኝ ዶቶሬው ራሱ ነው።

መጋቢት ፮

ዋርካ ሥር ከጧት እስከ ማታ። ነጭ ጨርቅ አንጥፌ፣ ስለቱን አፍልቼ፣ አልኮሉን ከፍቼ።

የመጣች አንዲት ዶሮ ናት። እሷን ልከትብ አልሁ፤ እሷም ክንፏን አልሰጠችኝም።

ምን እንደሆነ አልገባኝም።

መጋቢት ፯

ገባኝ። ወይም የገባኝ ይመስለኛል።

ቄስ ወልደ ሚካኤል ከደጀ ሰላሙ ጠሩኝ። የማኅበሩ ሰው ሁሉ ቆሟል።

“ልጄ፣ መድኃኒት እንደማልከለክል ፈጣሪ ያውቃል” አሉኝ። “ሁዳዴ ግን ነው። የታረደች ጥጃ ሥጋ ናት። በአፍ ባይገባ በክንድ ገባ። ያስገድፋል አያስገድፍም፣ እኔ ደፍሬ አልፈርድም። ይህንስ ይሁን ብል፣ ማን አረዳት? አማትቦ ነው? ያላማተበ ያረደውን በፋሲካስ ቢሆን ማን ይነካል?”

“አባ፣ መብላት እኮ አይደለም…”

“አይደለም። ደም ከደም ሲገናኝ ግን ከመብላት ይብሳል የሚል አለ።” ከዚያ እጄን ያዙኝ። የገረመኝ ይህ ነው፤ አልተቆጡም። “ስማኝ ልጄ። ካልታረደች ነገሩ ሌላ ነው። ጥጃዋ በሕይወት ካለች እንደ ወተትም አይደለም፣ እንደ ሥጋም አይደለም፤ እንደ ቁስል ውሃ ነው። ያን ጊዜ እኔ ራሴ ክንዴን እሰጥሃለሁ። አንተ የተማርህ ነህ። ታርዳለች ወይስ አልታረደችም?”

ሁሉም አፌን ያያሉ። ከትናንት ወዲያ የሳቁት ሁሉ። አያ አወቀ ከፊት። አልታረደችም ብል ቀጣፊ ልባል? ነገ መድኃኒቴን ማን ያምናል?

“ታርዳለች” አልሁ። “ዶቶሬው እንዳለው።”

እጄን ለቀቁት። “እንግዲያ ፋሲካ ይምጣ፤ ያኔ እናያለን” አሉ።

ወንድ ልጅ ከቃሉ ዝንፍ አይልም። መልካም አደረግሁ መሰለኝ። ገብረ ኪዳን ሲያስተረጉም በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሙላትም ነበረ።

መጋቢት ፰

እታለም ለመንኋት። “ለአንቺ ብቻ፣ በጓሮ፣ ማንም ሳያይ” አልሁ።

“እግዜርስ አያይም? እሷ ገና ክርስትና ከተነሣች ወሯ ነው። በሁዳዴ የአረማዊ እርድ ደሟ ውስጥ ላስገባባት?”

“ፈንጣጣው እኮ ጾም አይጠብቅም!”

“ለዚህም መላ አለ።” አያ ፈንታዬ ነገ ከሮብ ገበያ ይመጣል አለችኝ። አያ ፈንታዬ የድሮው ከታቢ ነው። ከታመመ ሰው ቁስል በጥጥ ወስዶ፣ በማር ለውሶ ክንድ ላይ ያኖራል። “ያ ከሰው ነው” አለች። “የሰው ነገር አያስገድፍም። የናት ጡት ያስገድፋል እንዴ?”

መልስ ፈለግሁ። የሰው ፈንጣጣ ፈንጣጣ ነው፣ የጥጃው ግን ታናሽ ወንድሙ ነው ብዬ ዶቶሬው ያስተማረንን ነገርኋት። ሰማችኝ። በትዕግሥት ነው የሰማችኝ።

“ወንድምዓለም፣ ያልታረደች ቢሆን ኖሮ ዓይኔን አላሽም ነበር” አለች።

አይናዲስ ጣቴን ይዛ ነበር። ቀስ ብዬ አስለቀቅኋትና ወጣሁ።

መጋቢት ፲፩

ከተማ ተመለስሁ። መድኃኒቱ በሙቀት ሞቷል። ሙላት ሉማሜ ሰው በሰልፍ ከትቦ መጥቷል።

“ከምን እንደሆነ አልጠየቁህም?”

“ጠየቁኝ። ከጥጃ ቁስል አልኋቸው።”

“ጾሙስ?”

“አንድ መነኩሴ ‘ጥጃዋ ደህና ናት?’ አሉ። ደህና ናት አልኋቸው። እግዚአብሔር ይመስገን ብለው ክንዳቸውን ሰጡኝ።” ከዚያ ሙላት አየት አደረገኝ። “ዶቶሬው ወደ መስክ ትመለሳለች አላለም እንዴ?”

ሙላት ጥሩ ልጅ ነው፤ ጆሮው ግን ደካማ ነው።

ዶቶሬው በገብረ ኪዳን በኩል ጠየቀኝ። “ለምን እንቢ አሉ?” “ቄሱ ከለከሉ” አልሁ። ዶቶሬው ረጅም ነገር ተናገረ፤ ገብረ ኪዳን “ይቆጫል” ብቻ አለ። ከፋሲካ በኋላ አዲስ መድኃኒት ሲመጣ እንደገና እሄዳለሁ። ያን ጊዜ ካልሆነ ወደ ባልዲዬ።

ቄሱ ከለከሉ አይደል? እሳቸው ናቸው እንጂ ሌላ ማን ነው?

መጋቢት ፲፮

ከአምበር ለገበያ የመጣ ሰው እትዬ የብርጓል ቤት ሲያወራ ሰማሁ። አያ ፈንታዬ መንደሩን ከትቧል። ብዙዎቹ ደህና ናቸው። ሕፃናቱ ትኩሳት።

“የማንጠግቦሽ ልጅስ?” አልሁ።

“እሷም” አለ፤ ጠላውን ጠጣ።

አንድ ሰው ቀልድ ጠየቀኝ። ራሴን አሞኛል አልሁት።

መጋቢት ፳

ሄድሁ።

የቤቱ ደጃፍ በእሾህ ተዘግቷል። ከመንገድ የመጣ አይገባም፤ ደንብ ነው። እኔ ተከትቤአለሁ፣ አይዘኝም፣ ሐኪም ነኝ ብዬ ጮህሁ። አያ አወቀ ዱላቸውን አግድመው፣ “ሐኪም ብትሆንም የመንገድ አቧራ ተሸክመሃል፤ ይብስባታል” አሉኝ። የሳቁልኝ ሰውዬ ናቸው። ዛሬ እሳቸውም እኔም አልሳቅንም።

ከአጥሩ ማዶ እታለምን ጠራኋት።

“አበባ በአበባ ሆናለች” አለች ከውስጥ። “አፏ ውስጥ ሳይቀር። ጡት አልያዝ አለች።”

“ውሃ በጥጥ አድርጊላት፤ አፏን አርጥቢላት። ዓይኗን በጨው ውሃ እጠቢላት። እጇን በጨርቅ ጠቅልዪ።”

“እሺ።”

“ብርድ አታስነኪያት፤ ግን አታፍኛት።”

“እሺ፣ ወንድምዓለም። እግዜር ይስጥህ። ተምረህ ጠቀምኸን።”

እንዲህ አለችኝ። ተምረህ ጠቀምኸን።

እስኪመሽ አጥሩ ሥር ተቀመጥሁ። ያስተማሩኝን ሁሉ በቃሌ ደገምሁት። ለእሾህ።

መጋቢት ፳፬፣ ሆሳዕና

አይናዲስ ትናንት።

መጋቢት ፳፮

መጻፍ አልሆነልኝም። መሪጌታ መንገድ ላይ አገኙኝና “እጅህ እየተፍታታ ነው?” አሉ። አዎ አልሁ። አልተፍታታም።

ሙላት ባልዲዬን ደፋልኝ።

ጥፋቱ የዚያ ፈንታዬ የሚሉት ሰው ነው። ማር ለውሶ! እሱን ነበር ማሰር። ደግሞ እሱ ስንቱን አድኗል ይላሉ። ቄሱ ናቸው። ቄሱ ግን እጄን ይዘው ጠይቀውኛል። ጣሊያን ነው፤ አገራችን ባይገባ… ባይገባ መድኃኒቱም የለም። በማን ልፍረድ? ሳዞረው ሳዞረው ተመልሶ ያው ዋርካ ሥር ይጥለኛል።

ሚያዝያ ፪

ፋሲካ አለፈ። አዲሱን መድኃኒት ይዤ ዋርካ ሥር ስደርስ ሰው ተሰልፎ ቆይቷል። ያን ጊዜ የፎከርሁት ሰልፍ ዛሬ መጣ። አያ አወቀ ከፊት። ቄስ ወልደ ሚካኤልም ነበሩ። “አባ፣ ያረደው እኮ አሁንም ያው ነው” አልኋቸው፤ ለምን እንዳልሁ አላውቅም። “የሕፃን መቃብር ካየሁ በኋላ አራጁን አልጠይቅም” አሉኝ። “ንስሐውን እኔ እወስዳለሁ። ጫር።”

እታለም መጣች። እሷ ክትባት አያስፈልጋትም፤ ፊቷ ላይ ተከትባለች። የመጣችው የሰው ሕፃናት ልትይዝልኝ ነው። እየተቀበለች ታቅፋቸዋለች፣ ክንዳቸውን ትዘረጋልኛለች፣ ሲያለቅሱ “አልቋል፣ አልቋል” ትላቸዋለች። እኔ እጫራለሁ። እሷ “አልቋል” ትላለች። እስከ ማታ እንዲህ።

አንድም ቀልድ አልመጣልኝም። እጄ ግን አልተንቀጠቀጠም። እጅ ምን ዓይነት ነገር ነው?

ሚያዝያ ፲

ዶቶሬው በበቅሎ መጣ። በሰልፉ እየሄደ ክንድ በክንድ አየ። እከኩ የሁሉም ወጥቷል። “ብራቮ” አለኝና ጨበጠኝ። ወረቀቱን በጉልበቱ ላይ ፈረመ። ማኅተም፣ ስሜ፣ የሐኪም ረዳት። አዲስ አበባ ሰው ስላነሰ ወደዚያው።

ሰው እልል አለ። ለእኔ ነው።

ስሜን ደግሜ ደጋግሜ አነበብሁት። እኔ ራሴ ነኝ፤ ግን የሌላ ሰው ይመስላል።

ሚያዝያ ፲፫

እታለምን ልሰናበት ሄድሁ። ቆሎ ቆልታ ቋጥራልኛለች። ደምለው አንድ ሌሊት ወርዶ እንደነበር ነገረችኝ። “ለምን በደርቤ አላስከተብሻትም?” ብሎ ተቆጥቷታል።

“ምን አልሽው?”

“እውነቱን ነዋ። የታረደች ጥጃ ነው፣ ያላማተበ ያረዳት፣ ሁዳዴ ነበር አልሁት።” የነጠላዋን ጫፍ አጠፈች፣ ፈታች። “ወንድምዓለም፣ ሌሊት ሌሊት ይመጣብኛል። ባስከትባት ኖሮ እላለሁ። ከዚያ ጥጃዋን አስባለሁ። አይናዲስ ንጹሕ ሆና ሄደች። የአረማዊ እርድ ሳይነካት። ይህ ባይሆን ኖሮ እኔ ዛሬ ምን እሆን ነበር?”

የቆሎውን ቋጠሮ ማጥበቅ ጀመርሁ።

“እውነት ነው አይደል? ታርዳለች አይደል?”

ልክ እንደ ቄሱ ጠየቀችኝ። ያን ጊዜ አልታረደችም ብል ልጅቷ ትኖር ነበር። ዛሬ አልታረደችም ብል እናቲቱ በምን ትኖራለች? ትክክለኛው መልስ አንድ ነው፤ የሚነገርበት ቀን ግን አልፎበታል። ወይስ አላለፈም? አላውቅም። ሐኪም ነኝ፣ ወረቀት አለኝ፣ አላውቅም።

“ታርዳለች፣ እታለም” አልሁ። “ያረዳትም አላማተበም።”

ትከሻዋ ዝቅ አለ። ግንባሬን ሳመችኝ። “ሂድ፣ እግዜር ይከተልህ” አለችኝ።

ሚያዝያ ፲፬

ካሚዮኑ ነገ ጧት ይነሣል። ነጩን ልብስ ለካሁት። ያምርብኛል። እንደሚያምርብኝ ጽፌ ነበር፤ እሱ እውነት ነው።

መሪጌታን ልሰናበት ብሄድ፣ “ጻፍህ?” አሉኝ። ጻፍሁ አልሁ። “የሆነውን?” አሉ። ከአንዷ ቃል በቀር አልኋቸው። የትኛዋን አላሉኝም።

በየካቲት ፳፫ ዶቶሬው የተናገረውን ሙላት ጽፎታል፤ እኔም በቃሌ ይዤው ነበር፣ ዛሬም ይዤዋለሁ። ጥጃዋን ሆዷ ላይ ይጭሯታል። ውሃውን ይወስዳሉ። ቁስሏን ያጥቡላታል፣ ይሽራል፣ ወደ መስክ ትመለሳለች። ገብረ ኪዳን እንዲያውም “ሣር ትግጣለች” ሲል በእጁ አሳይቶናል።

አያ አወቀ “ትድናለች?” ብለው ሲጠይቁኝ የቤቱ ሳቅ ሊያልቅ ነበር።

ታርዳለች ያልሁት እኔ ነኝ። ማንም አላረዳትም።